ለቤት የታወቀ ስም ቢሮ ሲገባ

ኮምፒውተር ለግለሰብ ሲሸጥ መራጩም ከፋዩም ተጠቃሚውም አንድ ሰው ነው። ለድርጅት ወይም ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ሲሸጥ ግን ሦስቱ ይለያያሉ። ከሚሴ የሚገኝ አንድ የዞን መምሪያ አምስት ላፕቶፕ ለመግዛት ሲነሳ ጥያቄውን የሚያቀርበው የሥራ ክፍሉ ነው፤ በጀት መኖሩን ፋይናንስ ያረጋግጣል፤ ስፔስፊኬሽኑን ይዞ ፕሮፎርማ የሚሰበስበው ወይም ጨረታ የሚያወጣው ግዥ ነው፤ ዕቃው ሲመጣ ንብረት ክፍል ቆጥሮ በሞዴል 19 ገቢ ያደርጋል፤ ከዚያም በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ ባለሙያውን ያስፈርማል። ከዚህ ሁሉ ሰው ላፕቶፑን በየቀኑ ከፍቶ የሚሠራበት የመጨረሻው ብቻ ነው።

እያንዳንዳቸው የሚሰጉበትም ነገር ይለያያል። ባለሙያው ኮምፒውተሩ እንዳይንቀራፈፍበት ይሰጋል። የግዥ ሠራተኛው ነገ ኦዲተር መጥቶ «ይህ ለምን ተመረጠ?» ሲለው የሚመልሰው እንዳያጣ ይሰጋል። ንብረት ክፍሉ አምስቱም አንድ ሞዴል፣ ቻርጀራቸውም አንድ ዓይነት ቢሆንለት ይወዳል፤ የአንዱ ቻርጀር ሲቃጠል የሌላው ይሠራለታልና። ለቤት ገበያ የሚሠራ ማስታወቂያ የላፕቶፑን ቅጥነት፣ ቀለሙንና የስክሪኑን ድምቀት ያሳያል። ከእነዚህ አንዱም ለግዥ ሠራተኛው ስጋት መልስ አይሆነውም።

ስለዚህ ለድርጅት በሚቀርብ ኮምፒውተር ዋጋ ውስጥ ዕቃውም አለ፤ ቃልም አለ። ቢበላሽ በስንት ቀን እንደሚጠገን፣ መለዋወጫው ለስንት ዓመት እንደሚገኝ፣ ከዓመት በኋላ ተጨማሪ ሲታዘዝ ያው ሞዴል እንደሚመጣ፣ ቢሰረቅ ውስጡ ያለው ፋይል እንደማይከፈት፣ ይህ ሁሉ በውል ላይ የሚሰፍር ቃል ነው። በቤት ገበያ ስም ያተረፈ ብራንድ ወደ ቢሮ ሲዞር ዋናው ፈተናው ይህን ቃል የሚሰጥና የሚያስፈጽም አካል ማቆም ነው። የተሻለ ላፕቶፕ መሥራቱ ከዚህ ይልቅ ይቀልለዋል። ከሚሴ ባለበት በጨፋ ሸለቆ ላለ ገዢ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይታከላል፤ ዕቃው ከሚሴ ሲደርስ ቃሉስ አብሮት ይደርሳል ወይ?

የአፕል ረጅም መንገድ

በቤት ስም ቢሮ ለመግባት የተደከመበትን መንገድ ለማየት ከአፕል የተሻለ ታሪክ አይገኝም። እ.ኤ.አ. በ1977 ለገበያ የወጣው አፕል ቱ የነጋዴዎች ጠረጴዛ ላይ የወጣው በኩባንያው ማስታወቂያ ብርታት አልነበረም። በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቪዚካልክ የሚባል፣ ከዛሬው ኤክሴል ቀድሞ የመጣ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ሠሩ። መጀመሪያ የሚሠራው በአፕል ቱ ላይ ብቻ ነበር። በወረቀትና በእርሳስ ሲሠራ የኖረ የሒሳብ ሰው አንዲት ቁጥር ሲለውጥ ከሥሯ ያለው ድምር በሙሉ ራሱን ሲያስተካክል ሲያይ፣ ፕሮግራሙን ለማግኘት ሲል ኮምፒውተሩን ገዛ። አፕል ለመጀመሪያ ጊዜ ቢሮ የገባው በሰው ፕሮግራም ተደግፎ ነው ማለት ይቻላል።

በነሐሴ 1981 እ.ኤ.አ. አይቢኤም የራሱን የግል ኮምፒውተር ሲያወጣ አፕል በዎል ስትሪት ጆርናል ጋዜጣ ሙሉ ገጽ ገዝቶ እንኳን ደህና መጣህ አለው። በራስ መተማመኑ ብዙ አልቆየም። አይቢኤም ለአሥርት ዓመታት ለባንክ፣ ለኢንሹራንስና ለመንግሥት መሣሪያ ሲያቀርብ የኖረ፣ ሻጩም ጥገና ባለሙያውም በየደንበኛው ቢሮ የሚመላለስ ኩባንያ ነበር። በ1983 ሎተስ አንድ ሁለት ሦስት የተባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ለአይቢኤም ኮምፒውተር ሲወጣ ቀድሞ ለአፕል ገበያ የከፈተው የሒሳብ ሠራተኛ ወደዚያ አለፈ። ከአይቢኤም የገዛ የግዥ ኃላፊ ዕቃው ቢበላሽ እንኳ የሚወቅሰው አልነበረም፤ ከአፕል የገዛው ግን ምርጫውን ማስረዳት ነበረበት። በዚያው በ1983 አፕል ለቢሮ ብሎ ያወጣው ሊሳ ዋጋው 9,995 ዶላር ስለነበር ይህን ማስረዳት ይበልጥ ከባድ አደረገው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት የተሠራው ግን በ1985 ነው። አፕል «ማኪንቶሽ ኦፊስ» የሚል ስም የሰጠውን፣ የቢሮ ኮምፒውተሮችን ከአንድ ማተሚያና ከአንድ የጋራ ፋይል ማስቀመጫ ጋር በገመድ የሚያገናኝ ሐሳብ ለማስተዋወቅ በአሜሪካ እግር ኳስ ዋንጫ ጨዋታ መካከል ማስታወቂያ አስተላለፈ። በፊልሙ ውስጥ ሙሉ ልብስ የለበሱ የቢሮ ሰዎች ዐይናቸው በጨርቅ እንደታሰረ፣ አንዱ የፊተኛውን ትከሻ ይዞ፣ እያፏጩ በሰልፍ ሄደው ገደል ይገባሉ። መልእክቱ «አይቢኤም የምትገዙ ሁሉ እንዲህ ናችሁ» የሚል ነበር። ይህን የሚመለከቱት ደግሞ ቼክ የሚፈርሙት ሰዎች ራሳቸው ናቸው። የቤት ደንበኛን ከጎረቤቱ የተለየህ ነህ ብሎ ማባበል ይቻላል። የቢሮ ገዢ ግን ትናንት የወሰነውን ዛሬ ሞኝነት ነው ብሎ ከሚነግረው ሰው አይገዛም።

ማስታወቂያው የሚታወሰው በስድቡ ነው፤ ከስድቡ ይልቅ የጎዳው ግን የተዋወቀው ዕቃ አለመኖሩ ነው። የጋራ ፋይል ማስቀመጫው ገበያ ላይ የዋለው በ1987 ነበር። ግለሰብ የፈለገው ዕቃ ቢዘገይ ያዝናል እንጂ ሥራው አይቆምም። መሥሪያ ቤት ግን በጀቱን፣ የሠራተኛ ሥልጠናውንና የክፍል አደረጃጀቱን በዚያ ዕቃ ላይ ስለሚያስር መዘግየቱ ራሱ ቃል ማጠፍ ይሆናል።

በዚያው በ1985 የወጡ ሁለት ሌሎች ነገሮች አፕልን አተረፉት፤ ሌዘርራይተር የተባለው ማተሚያና ፔጅሜከር የተባለው የገጽ ማቀናበሪያ ፕሮግራም። ጋዜጣ፣ መጽሔት፣ ፖስተርና መጽሐፍ የሚያዘጋጁ ሰዎች ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው የማተሚያ ቤት ሥራ መሥራት ቻሉ። ኩባንያው ሰፊውን የቢሮ በር ሊያስከፍት ሲታገል ቆይቶ በጠባቡ የንድፍና የኅትመት በር ገባ፤ እዚያም ለብዙ ዓመት ተቀመጠ። አዲስ አበባ ውስጥም ማኪንቶሽ በብዛት የሚገኘው በማስታወቂያ ድርጅቶች፣ በቪዲዮ አቀናባሪዎችና በግራፊክስ ባለሙያዎች ዘንድ ነው። የአንድ ሙያ ሰዎች ያለ እሱ አንሠራም ያሉት ዕቃ ለመሥሪያ ቤቱ ሁሉ ባይስማማም ለእነሱ ክፍል መገዛቱ አይቀርም። ለአዲስ ገቢ ብራንድ ከዚህ የተሻለ መግቢያ አለ ብሎ መናገር ያስቸግራል።

ሰፊው በር የተከፈተው ከ2007 በኋላ በስልክ በኩል ነው። አይፎን ሲወጣ የቢሮ ሰው ሁሉ የሚይዘው ብላክቤሪ ነበር። በ2008 አይፎን ከማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅ የቢሮ ኢሜይል ጋር መሥራት ጀመረ፤ ሥራ አስኪያጆች በገዛ ገንዘባቸው የገዙትን ስልክ ይዘው መጥተው የቢሮ ኢሜይላቸው እንዲገባላቸው የአይቲ ክፍሉን አዘዙ። የተለመደው የግዥ መስመር ተገለበጠ፤ ጥያቄው ከባለሙያው ተነስቶ ወደ ላይ መውጣቱ ቀርቶ ከላይ ወደ አይቲ ክፍል ወረደ። የወቅቱ የአፕል መሪ ስቲቭ ጆብስ በ2010 በአንድ የአደባባይ ቃለ ምልልስ ላይ የቤት ገበያን የሚወደው እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ስለሚመርጥ መሆኑን፣ በድርጅት ገበያ ግን የሚጠቀሙት ሰዎች ለራሳቸው እንደማይመርጡ ተናግሮ ነበር። አይፎን ይህን ቅሬታውን በተግባር የመለሰለት ይመስላል።

ሆኖም በኪስ የገባ ዕቃ ውል አይሆንም። ሺህ ስልክና ሺህ ላፕቶፕ ለአንድ ባንክ ለማቅረብ የሚያስፈልገው የሻጭና የአማካሪ ሠራዊት አፕል ዘንድ አልነበረም። መፍትሔው ያን ሠራዊት ካለው ጋር መወዳጀት ሆነ። በሐምሌ 2014 እ.ኤ.አ. የቀድሞ ባላንጣው አይቢኤም ለአየር መንገድ፣ ለባንክ፣ ለሆስፒታልና ለሌሎች ዘርፎች ከ100 በላይ የአይፎንና የአይፓድ ፕሮግራሞች ለመሥራትና ለራሱ ደንበኞች ለመሸጥ ተስማማ። በ2015 ሲስኮ፣ በ2016 ኤስኤፒና ዴሎይት ተከተሉ። የወቅቱ የአፕል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ቲም ኩክ በ2015 በተናገረው መሠረት እስከዚያ ዓመት ሰኔ ባሉት 12 ወራት ከድርጅቶች የተገኘው ገቢ 25 ቢሊዮን ዶላር ደርሶ ነበር።

በዚህ ጊዜ የማስታወቂያው ቋንቋም ተለወጠ። አይቢኤም ለራሱ ሠራተኞች ማክ መስጠት ጀምሮ ስለነበር ከዚያ የተገኘው ቁጥር የአፕል ምርጥ ምስክር ሆነ። በ2015 አይቢኤም ባቀረበው ዘገባ ከማክ ተጠቃሚዎቹ የቴክኒክ ድጋፍ ለመጠየቅ የሚደውሉት 5 በመቶ ሲሆኑ ከፒሲ ተጠቃሚዎቹ 40 በመቶ ነበሩ፤ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ እያንዳንዱ ማክ በአራት ዓመት ውስጥ ከ273 እስከ 543 ዶላር እንደሚያድን ገለጸ። አካሄዱ ለግዥ ሰው የተሰፋ ነው። መግዣው ውድ ነው የሚለውን ወቀሳ ሳይክድ ጥገናውን፣ ድጋፉንና መጨረሻ ላይ ሲሸጥ የሚያወጣውን ዋጋ ደምሮ በአራት ዓመት ያሰላዋል። ለኦዲተር የሚመለስ መልስ እንዲህ ያለው ነው። በእርግጥ ስሌቱ የተሠራው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ባሉት፣ የራሱ የአይቲ ክፍል ባለው ኩባንያ ውስጥ ነው፤ አምስት ላፕቶፕ ለሚገዛ መምሪያ ቁጥሩን እንዳለ መገልበጥ አይገባም።

በ2018 እ.ኤ.አ. አፕል ቢዝነስ ማኔጀር የተባለው አገልግሎት ተጀመረ። ድርጅቱ የገዛቸው ኮምፒውተሮች መለያ ቁጥር በስሙ ይመዘገባል፤ ሠራተኛው ካርቶኑን ከፍቶ ከኢንተርኔት ሲያገናኘው መሣሪያው የማን እንደሆነ አውቆ የድርጅቱን ፕሮግራምና ደንብ ራሱ ይጭናል። ይህ ምዝገባ ከዓመታት በኋላ በሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ የሚያስከትለው ጣጣ ከታች ይነሳል።

አንድ ኩባንያ፣ ሁለት ስም

ሌሎች ኩባንያዎች የቤቱን ስም ከቢሮው ለይተው መያዝን መረጡ። ኤችፒ ለብዙ ዓመት ለቤት ፓቪሊዮን፣ ለቢሮ ኤሊትቡክና ፕሮቡክ ሲል ቆይቷል። ዴል ለቤት ኢንስፓይሮን፣ ለቢሮ ላቲትዩድ ሲል ኖሮ በ2025 መጀመሪያ እነዚህን ትቶ ዴል፣ ዴል ፕሮና ዴል ፕሮ ማክስ ወደሚሉ ስሞች ዞሯል። በመለዋወጫ ገበያና በሁለተኛ እጅ ሱቆች ግን ላቲትዩድ የሚለው ስም ገና ለብዙ ዓመት መጠራቱ አይቀርም።

ሌኖቮ ከሁሉም የተለየ መንገድ ሄደ። በ1984 ቤጂንግ ላይ የተመሠረተው ይህ ኩባንያ ከቻይና ውጭ ብዙም በማይታወቅበት ጊዜ የአይቢኤምን የግል ኮምፒውተር ክፍል ለመግዛት ተስማማ፤ ግዥው በግንቦት 2005 እ.ኤ.አ. ሲጠናቀቅ ከ1992 ጀምሮ የቢሮ ሰው የሚያውቀውን ጥቁሩን ቲንክፓድ ተረከበ። ከገዛው ነገር ትልቁ ስሙ ነበር። ስለዚህ ስሙን አልነካውም፤ ቅርጹንም፣ በቁልፎቹ መካከል ያለችውን ቀይ ነጥብም እንዳለ አቆይቶ ለቤት ገበያ አይዲያፓድ የሚል ሌላ ስም በ2008 አወጣ። በማዘርቦርድና በጌም ኮምፒውተር የሚታወቀው የታይዋኑ ኤሱስ ደግሞ ኤክስፐርትቡክ የሚል የቢሮ መስመር በቅርብ ዓመታት ይዞ ተነስቷል።

ሁለቱ መስመሮች በውስጥ አካላቸው የሚለያዩት ብዙ ሰው ከሚያስበው ባነሰ ነው። ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ አንድ ዓይነት ነው። የቢሮው ላፕቶፕ ልዩነቱ ከጎንና ከታች ሲታይ ይበልጥ ይገለጣል። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ይኖረዋል፤ በቡሎን የተያዘው የታች ክዳን ተከፍቶ ራሙና ሃርድ ዲስኩ ይቀየራል፤ የጥገና መመሪያው ለማንም ክፍት ሆኖ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል፤ ቲፒኤም የምትባል የምስጢር ቁልፍ መያዣ ቺፕም ነበረችው፣ በቤቶቹ ላይ ከመለመዷ ከብዙ ዓመት በፊት። ከሁሉ በላይ ያው ሞዴል ሳይለወጥ ለረዘም ያለ ጊዜ ይመረታል። የቤቱ ሞዴል በየወቅቱ ስለሚቀያየር ዘንድሮ አምስት የገዛ መሥሪያ ቤት በሚቀጥለው ዓመት ስድስተኛውን ሲፈልግ አያገኘውም።

በየብሮሹሩ የሚታየው «ወታደራዊ ጥንካሬ» የሚል ቃል ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ሚል ስታንዳርድ 810 የአሜሪካ መከላከያ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ የሚጠቀምበት የሙከራ መመሪያ ነው፤ ሙቀትን፣ አቧራን፣ ንዝረትን፣ መውደቅን የሚመለከቱ ብዙ ፈተናዎች አሉት። ኩባንያዎች ከእነዚህ ውስጥ የፈለጉትን መርጠው ራሳቸው ወይም በቀጠሩት ላቦራቶሪ ያስፈትናሉ፤ አልፏል ብሎ የሚያጸድቅ የመከላከያ ቢሮ የለም። ስለዚህ ገዢ ሊጠይቅ የሚገባው «አልፏል ወይ?» ብሎ ብቻ አይደለም፤ የትኛውን ፈተና እንዳለፈም መጠየቅ አለበት።

ከከሚሴ ሲታይ

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ከ320 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚገኝ፣ የአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ በመሆኑ ሙቀቱ በበጋ ከሰዓት በኋላ ከ30 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። አብዛኞቹ አምራቾች ላፕቶፕ እንዲሠራበት የሚፈቅዱት የአካባቢ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ነው። ማቀዝቀዣ በሌለው ክፍል፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ በመስኮት የገባ የመንገድ አቧራ ማራገቢያውን ሲደፍነው ያ ልዩነት ያልቃል። አፕል ማራገቢያ የሌለውን ማክቡክ ኤር ሲያስተዋውቅ ጸጥታውን ያጎላል፤ ለከሚሴ ገዢ ግን አቧራ የሚስብ ማራገቢያ አለመኖሩ ከጸጥታው ይበልጣል፤ በሌላ በኩል ሙቀት ሲበዛበት ፍጥነቱን እንደሚቀንስም ማወቅ አለበት።

የትኛው ብራንድ ይገዛ የሚለው እዚህ በማስታወቂያ አይወሰንም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥ አዋጅ ቁጥር 649 ስፔስፊኬሽን የአንድን የንግድ ምልክት ስም ጠርቶ እንዳይዘጋጅ፣ መጥራት ግድ ከሆነም «ወይም ተመጣጣኝ» የሚል እንዲታከልበት ደንግጎ ነበር። በፌዴራል ደረጃ እንደ ኮምፒውተር ያሉ ብዙ መሥሪያ ቤቶች የሚጋሯቸው ዕቃዎች በማዕቀፍ ስምምነት በጅምላ ሲገዙ ቆይተዋል። ክልሎችም የየራሳቸው የግዥ ሕግ አላቸው። ይህ ሥርዓት ባለበት አገር አምራቹ ስሙን ለሕዝብ ቢያስጮህ ብዙ አይጠቅመውም። የሚጠቅመው ስፔስፊኬሽኑ ሲጻፍ የእሱ ዕቃ መግለጫ ጠረጴዛው ላይ መገኘቱ ነው። አስመጪው ለግዥ ክፍሎች የሚያድለው ዝርዝር መግለጫ ዋናው የሽያጭ መሣሪያ የሚሆነው ለዚህ ነው። ባለሙያ የሌለው ጽሕፈት ቤት ያንን ወረቀት ቃል በቃል ሲገለብጥ የብራንዱን ስም ሳይጠራ ብራንዱን መርጧል፤ ክብደቱ በግራም፣ የስክሪኑ ስፋት በነጥብ ሲጻፍ ሌላ ተወዳዳሪ አይገባበትም። ከግዥ በፊት መሥሪያ ቤቱ የሚሠራበትን ሥራ መነሻ አድርጎ ራሱ ቢጽፍ የተሻለ ዋጋም የተሻለ ዕቃም ያገኛል።

ብሮሹሮቹ የማይነኩት የቋንቋ ጉዳይም አለ። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ የሚጻፈውም በቁቤ ስለሆነ ማንኛውም የእንግሊዝኛ ኪቦርድ ይበቃዋል። ወደ ባሕር ዳር የሚላከው ደብዳቤ ግን በአማርኛ ነው፤ አንዱ ላፕቶፕ ቀኑን ሙሉ በሁለት ፊደል ይሠራል። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ዊንዶውስ ቪስታ በ2007 ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ መጥቷል። ያም ሆኖ ከዚያ በፊት በነበሩ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች በየመዝገብ ቤቱ አሉ፤ ፎንቱ ባልተጫነበት ኮምፒውተር ሲከፈቱ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። በአዲስ ላፕቶፕ ላይ የአማርኛ መጻፊያውን ጭኖ፣ የድሮ ፋይሎችን ከፍቶ አሳይቶ የሚያስረክብ አቅራቢ ከዓለም አቀፉ ብራንድ ማስታወቂያ ይልቅ ለመምሪያው ይጠቅማል። ይህን ነገር ቀድሞ የተረዳው የስልክ አምራች ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ መገጣጠም የጀመረው ቴክኖ ገበያውን የያዘው ሁለት ሲም በሚቀበልና አማርኛ በሚጽፍ ስልክ ነው።

ስልኩን ካነሱ አይቀር፣ በከሚሴ፣ በሰንበቴና በባቲ ገበያ ለሚውል የከብት ወይም የእህል ነጋዴ የመጀመሪያው የሥራ ኮምፒውተር ላፕቶፕ አልሆነም፤ ያው ለቤተሰብ የሚደውልበት ስልክ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀመር ክፍያ መቀበያ፣ ሒሳብ መያዣና የብር ማስተላለፊያ በዚያው ስልክ ላይ ተጨመረ። አሜሪካ ውስጥ አይፎን በሥራ አስኪያጁ ኪስ ቢሮ እንደገባው ሁሉ እዚህም የግል ዕቃ ወደ ንግድ የገባው ማንም ሳያዝዘው ነው። የስልክና የላፕቶፕ አምራቾች ይህን ነጋዴ እስካሁን የሚያነጋግሩት እንደ ቤት ደንበኛ ነው። ስልኩ ሲሰበር ሱቁ የሚዘጋበት ሰው ግን እንደ መሥሪያ ቤት ሁሉ የጥገና ቃል ያስፈልገዋል።

የጥገናው ቃል ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ መንገድ ላይ የሚቀረው ነው። ብራንዶቹ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚሸጡት «በሚቀጥለው የሥራ ቀን ባለሙያ ቢሮዎ ይመጣል» የሚል ውል ነው። አፕል በመላው አፍሪካ አንድም የራሱ ሱቅ የለውም። በከሚሴ የተበላሸ ላፕቶፕ ዋስትናው ቢኖርም ብዙ ጊዜ ታሽጎ አዲስ አበባ መላክ አለበት፤ ያን ጊዜ ባለሙያው ያለ ኮምፒውተር ይቀመጣል። ስለዚህ በቅርብ ያለው ጠጋኝ፣ በከተማው ወይም ወደ 50 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ባለችው ኮምቦልቻ ወይም ደሴ የሚገኘው፣ ኩባንያው የገባውን ቃል በተግባር የሚፈጽም ሰው ይሆናል። ከአምራቹ ሥልጠናም ኦሪጅናል መለዋወጫም አይደርሰውም። ለድርጅት መሸጥ የሚፈልግ ብራንድ በክልል ከተሞች ያለ አንድ ጠጋኝ ቢያሠለጥንና የባትሪ፣ የቻርጀርና የስክሪን ክምችት ቢያስቀምጥለት ከማንኛውም ማስታወቂያ ይልቅ ያተርፋል፤ ይህ ግልጽ ሆኖ ሳለ ሲሠራ አይታይም።

ዋጋውም ሌላ ችግር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ወደ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዓመቱ መጀመሪያ የተያዘ የመምሪያ በጀት በብር ነው፤ ላፕቶፑ የሚመጣው በዶላር ነው። አምስት የታቀደው ሁለት ወይም ሦስት ሲሆን ዐይን ወደ ሁለተኛ እጅ ገበያ ይዞራል።

ሌላ ቢሮ የጨረሰው ላፕቶፕ

በአውሮፓና በአሜሪካ ድርጅቶች የቢሮ ላፕቶፕን ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ይለውጣሉ፤ ብዙዎቹም በኪራይ የያዙት ስለሆነ ለአከራዩ ይመልሱታል። የተመለሰው ተጠርጎና ተፈትሾ ብዙውን ጊዜ በዱባይ በኩል ወደ አፍሪካ ይመጣል። አዲስ አበባ ውስጥ «ስላይትሊ ዩዝድ» ተብሎ የሚሸጠው ላቲትዩድ፣ ኤሊትቡክና ቲንክፓድ አብዛኛው እንዲህ የመጣ ነው። ለዚህም ነው ከሚሴ ያለ ተማሪ ወይም የግል ትምህርት ቤት ለቢሮ የተሠራ ላፕቶፕ በቤት ላፕቶፕ ዋጋ ሊገዛ የሚችለው። ክዳኑ ላይ የቀድሞው ድርጅት የንብረት ቁጥር የተለጠፈበት ምልክት አንዳንዴ ይገኛል፤ ኪቦርዱ የጀርመን ወይም የፈረንሳይ ሆኖ ፊደላቱ ቦታቸውን ቀያይረው ይመጣሉ። ዕቃው ጠንካራ ነው፤ ክዳኑ ተከፍቶ ራም ይጨመርበታል፤ መለዋወጫው ከሌሎች የተበላሹ ተመሳሳይ ላፕቶፖች ይገኛል። የሌለው ቃሉ ነው። ዋስትናው ለመጀመሪያው ገዢ ተሰጥቶ አልቋል፤ ሻጩ የሚሰጠውም ብዙ ጊዜ የጥቂት ወራት የቃል ዋስትና ነው።

በእንዲህ ያለ ግዥ የላፕቶፕ ባትሪ እንደ በሬ ጥርስ ነው፤ ዕድሜውን ይናገራል። በዊንዶውስ ላይ የባትሪ ዘገባ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ፤ ባትሪው ሲሠራ የነበረውን አቅምና አሁን የቀረውን ጎን ለጎን ያሳያል። የዴል ላፕቶፖች ከሥር ሰባት ፊደልና ቁጥር ያለበት ሰርቪስ ታግ አላቸው፤ በዴል ድረ ገጽ ላይ ሲገባ መቼ እንደተላከና ዋስትናው መቼ እንዳበቃ ይነግራል። ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ቁልፍ ነው። የቀድሞው ድርጅት ባዮስ ላይ ያስቀመጠው የይለፍ ቃል ካልተነሳ ላፕቶፑን ፎርማት ማድረግም ላይቻል ይችላል። ማክ ከሆነ ደግሞ ከላይ የተጠቀሰው የአፕል ምዝገባ ይመጣል፤ ድርጅቱ መለያ ቁጥሩን ከመዝገቡ ካላወጣው ኮምፒውተሩ ሁሉ ነገሩ ተጠርጎ እንደገና ሲነሳ ከኢንተርኔት ጋር በተገናኘባት ደቂቃ ከማያውቁት ድርጅት ቁጥጥር ሥር መሆኑን የሚናገር ገጽ ይከፍታል። ለቀድሞው ባለቤት የተሰጠው የደኅንነት ቃል ለአዲሱ ባለቤት እገዳ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ አስጠርጎ፣ ከዋይፋይ አገናኝቶ፣ መነሻ ገጹን እስከመጨረሻው ማለፍ ይገባል።

የመንግሥት መሥሪያ ቤት በዚህ ገበያ እንዳይገባ ብዙ ጊዜ ደንቡ ይከለክለዋል፤ አዲስ ዕቃና የቫት ደረሰኝ ይጠየቃልና። የግል ኮሌጆች፣ ክሊኒኮች፣ ማኅበራትና ነጋዴዎች ግን በስፋት ይገዛሉ። እነሱን የሚጠብቃቸው የመጨረሻ ጉዳይ የሶፍትዌር ዕድሜ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው ነጻ የደኅንነት ድጋፍ ጥቅምት 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ለድርጅቶች በክፍያ የሚራዘመው የመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ነው። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ከጥቂቶች በቀር ስምንተኛ ትውልድ ኢንቴልና ከዚያ ወዲህ ያለውን፣ ቲፒኤም 2.0 ያለውንም ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ ላቲትዩድ 7480 እና ላቲትዩድ 7490 ጎን ለጎን ቢቀመጡ በመልክ መለየት ያስቸግራል፤ የመጀመሪያው ሰባተኛ ትውልድ ድረስ ብቻ ሲሆን ሁለተኛው በአብዛኛው ስምንተኛውን ይዟል። እንዲሁ ቲንክፓድ ቲ470 እና ቲ480፣ ኤሊትቡክ 840 ጂ4 እና ጂ5 በአንድ ዓመት ልዩነት በአብዛኛው ከድንበሩ ወዲያና ወዲህ ይቆማሉ። በዋጋ ልዩነታቸው ትንሽ ሊሆን ይችላል። የክሊኒክ ካርድ ክፍል ወይም የማኅበር ሒሳብ የሚቀመጥበት ላፕቶፕ ከሆነ ግን ሁለተኛውን መምረጥ የሚቀጥሉትን ዓመታት የደኅንነት ማሻሻያ ያስገኛል። ሰባተኛ ትውልድ የገዛ ደግሞ ወይ ለተራዘመው ድጋፍ መክፈል፣ ወይ ሊነክስን የመሰለ ነጻ ሥርዓት መጫን፣ ወይም ላፕቶፑን ከኢንተርኔት ለይቶ ለጽሕፈት ብቻ ማዋል ይኖርበታል።